በፋሲካ ሌሊት ያልበላነው ዶሮ



የትንሣኤ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ፋሲካ ከአረማውያን የተወረሰ በዓል ነው ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? እንቁላሉና ጥንቸሉስ ከትንሣኤ ጋር ምን አገናኛቸው?» ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። መልሱን ከመጻፋችን በፊት ግን የምንናዘዘው ነገር አለን። «የአረማውያን በዓል ነው» የሚለውን ትምህርት እኛ ራሳችን፣ ባልና ሚስት ሆነን፣ በቤታችን አስተምረነዋል። በዚያም ምክንያት እናታችንን አሳዝነናል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ግማሹ ትምህርት፣ ግማሹ ንስሐ ነው።

የምንኖረው በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። ዓርብ ዓርብ ማታ ጥቂት ወንድሞችና እህቶች ቤታችን ተሰብስበው እንጸልያለን፤ መጽሐፍ ቅዱስም እናጠናለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስልካችን አንድ ቪዲዮ ደረሰን። ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ፋሲካ የሚጠራበት «ኢስተር» የሚለው ስም «ኢሽታር» ከምትባል የባቢሎን አምላክ የመጣ ነው፣ እንቁላልና ጥንቸልም የእርሷ ምልክቶች ናቸው ይላል። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ስትሰሟቸው ይመሳሰላሉ። እኛም ደነገጥን፤ ሳንመረምር አመንን። በሁለት ተከታታይ ዓርቦች አስተማርነው። ልጆቻችንንም ሕንፃውን ለአምልኮ የምንከራየው የአሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን በሚያዘጋጀው የእንቁላል ፍለጋ ጨዋታ እንዳይገኙ ከለከልን። ለጌታ ቤት የቀናን መስሎን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. እናታችን ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጡ። የአንዳችን ወላጅ ናቸው፤ የሁለታችንም እናት ናቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እኛም ያደግነው በዚያው ነው። ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ቀን ሲገባ እርሳቸውም ያዙ። ፈረንጆቹ ደግሞ ፋሲካቸውን መጋቢት 22 ቀን አከበሩ። እናታችን ገና ሃያ ቀን ያህል ጾመው የጎረቤት ልጆች በቀለም ያጌጠ እንቁላል ሲሰበስቡ በመስኮት አይተው «እነዚህ ሰዎች ሳይጾሙ ፈሰኩ እንዴ?» ብለው ሳቁ። የእርሳቸው ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፤ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

በቅዳሜው ቀኑን ሙሉ ከምድጃው አልተለዩም። ሽንኩርቱን አቁላልተው፣ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አድርገው፣ እንቁላሉን ቀቅለው ሠሩ። ማታ አንዲት ዘመዳችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ሲመለሱ ነጠላቸውን እንደለበሱ ገበታውን አቅርበው ቀሰቀሱን። «ተነሡ ልጆቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ፤ እንፈስክ» አሉ።

እኛም ወርደን በፊታቸው ቆመን አንበላም አልናቸው። ይህ በዓል ከጣዖት የመጣ ነው፣ እንቁላሉም የጣዖት ምልክት ነው ብለን አስረዳናቸው። በዚያ ሌሊት፣ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው ለተቀመጡ እናት፣ የኢሽታርን ታሪክ ተረክንላቸው። እናታችን አንድም ቃል አልመለሱም። ድስቱን ከደኑ፤ ከእንጀራው ትንሽ ቆርሰው ለብቻቸው ፈሰኩና ወደ መኝታቸው ሄዱ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ደረጃው ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

በማግስቱ መጥታ «አያቴ ጣዖት ታመልካለች?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው ጠፋን። በዚያው ሳምንት ዓርብ ደግሞ በኅብረታችን ያለ አንድ ወጣት ተማሪ በትሕትና «ይህን ስለ ኢሽታር ያስተማራችሁንን ከየት ነው ያገኛችሁት? ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው ምንጩን ጠየቁኝ» አለን። ከቪዲዮው በቀር የምንጠቅሰው አልነበረንም። የቤርያ ሰዎች ከጳውሎስ የሰሙትን እንኳ በየዕለቱ ከመጻሕፍት ጋር ያመሳክሩ ነበር (የሐዋ. ሥራ 17፥11)። እኛ ግን ስሙን የማናውቀውን ሰው ቪዲዮ ሳንመረምር ተቀብለናል። ስለዚህ ማንበብ ጀመርን።

ስሙ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ ያፈርነው በገዛ ቋንቋችን ነው። እኛ አበሾች በዓሉን «ኢስተር» ብለን አናውቅም፤ የምንለው ፋሲካ ነው። ፋሲካ የሚለው ቃል ሥሩ በዕብራይስጥ «ፔሳሕ» ነው፤ በአራማይክና በግሪክ «ፓስኻ» ሆኖ ወደ ግዕዝ መጣ። ትርጉሙ ማለፍ ነው። በዘጸአት 12 እንደምናነበው እግዚአብሔር የበጉን ደም በሁለቱ መቃንና በጉበኑ ላይ አይቶ ከቤታቸው ያለፈበት ሌሊት ነው። ፈረንሳዮች «ፓክ»፣ ጣልያኖች «ፓስኳ»፣ ሩሲያውያን «ፓስኻ» ሲሉ ሁሉም የሚጠሩት ያንኑ የበጉን ሌሊት ነው። በአማርኛችንማ ቃሉ ግስ ሆኖ «ፈሰከ» እንላለን። እናታችን «እንፈስክ» ሲሉን የዘጸአትን ቃል ነበር የሚናገሩት፤ እኛ ደግሞ የባቢሎን አድርገን ሰማነው።

«ኢስተር»ን የመሰለ ስም የሚጠቀሙት በዋናነት እንግሊዞችና «ኦስተርን» የሚሉት ጀርመኖች ናቸው። ስለ ስሙ አመጣጥ ቤድ የተባለ እንግሊዛዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ725 ስለ ዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ አንድ ነገር ይነግረናል። የጥንት እንግሊዞች በዚህ ወቅት ያለውን ወር ኤዎስትረ በምትባል አምላክ ስም ይጠሩት ነበር፤ ክርስቲያኖች ከሆኑ በኋላ የወሩ ስም ለፋሲካ በዓል መጠሪያ ሆኖ ቀረ ይላል። ስለ እንቁላል ወይም ስለ ጥንቸል ግን አንዳች አላለም፤ ባቢሎንንም አላነሣም።

ይህ ስም እንግሊዝ ውስጥ ለበዓሉ ከመሰጠቱ በፊት በዓሉ ራሱ ነበር። በራእይ መጽሐፍ የምናውቃት የሰርዴስ ከተማ ጳጳስ ሜሊቶ በሁለተኛው መቶ ዘመን ስለ ፋሲካ የሰበከው ስብከት እስከ ዛሬ አለ፤ ዘጸአት 12ን መሠረት አድርጎ ክርስቶስን እውነተኛው በግ አድርጎ ይሰብካል። ከሮም የተላኩ መልእክተኞች ለእንግሊዞች ሊሰብኩ ኬንት የደረሱት እ.ኤ.አ. በ597 ነው። ታዲያ ሜሊቶ የሰበከው በዓል እንዴት ከእንግሊዞች ወር ስም ሊወለድ ይችላል? በእንግሊዝኛ የሐሙስ ቀን ስምም ቶር ከተባለ የሰሜን አውሮፓ ጣዖት የመጣ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ የጸሎት ፕሮግራም አለን፤ ቶርን እናመልካለን ብሎ የሚጨነቅ ግን ከመካከላችን የለም።

የኢሽታር ነገርስ? ሁለቱን ስሞች አያይዞ በሰፊው ያሰራጨው አሌክሳንደር ሂስሎፕ የተባለ የስኮትላንድ አገልጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 በትንሽ ጽሑፍ፣ በ1858 ደግሞ አስፋፍቶ በመጽሐፍ አወጣው። መነሻው የስሞቹ ድምፅ መመሳሰል ነው። የጥንት ባቢሎናውያን ቅርሶች የሚያሳዩን የኢሽታር ምልክቶች ግን አንበሳና ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ናቸው። እንቁላልና ጥንቸል አይደሉም።

ቀኑስ ለምን ይለያያል?

ፍለጋችን ቀጥሎ ያደረሰን እጅግ ወደሚያስተምር ታሪክ ነው። በሁለተኛው መቶ ዘመን በእስያ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን በአይሁድ አቆጣጠር ኒሳን 14 ቀን፣ ቀኑ በየትኛውም ዕለት ቢውል፣ ያከብሩ ነበር። ሮማውያን ደግሞ እሑድን ይጠብቁ ነበር። በ155 ዓመት ግድም የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፕ፣ በስተርጅናው፣ ሮም ድረስ ሄዶ ከአኒቄጦስ ጋር በጉዳዩ ተነጋገረ። ፖሊካርፕ ከሐዋርያው ዮሐንስ የተማርኩትን አልተውም አለ፤ አኒቄጦስም ከእኔ በፊት የነበሩትን ሽማግሌዎች ልማድ አልለቅም አለ። አልተስማሙም። ነገር ግን አኒቄጦስ ለእንግዳው ክብር ሰጥቶ የጌታን ራት በቤተ ክርስቲያኑ እንዲመራ አደረገው፤ ሁለቱም በሰላም ተለያዩ። ይህን ታሪክ የጻፈው ኢሬኔዎስ ነው፤ አውሳቢዮስም በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ አቆይቶልናል። ኢሬኔዎስ ታሪኩን ያነሣው ከዓመታት በኋላ የሮሙ ጳጳስ ቪክቶር የእስያን ክርስቲያኖች በዚሁ ቀን ምክንያት ሊያወግዝ ሲነሣ ለመገሠጽ ነበር።

ይህን ያነበብነው አንድ ማታ ሳሎን ተቀምጠን ነው፤ እናታችን በላይኛው ፎቅ ተኝተው ነበር። እርስ በርሳችን ተያየን። አኒቄጦስ የማይስማማውን ሰው በጌታ ማዕድ ፊት አክብሮ አስቀመጠው። እኛ ደግሞ እናታችንን በገዛ ገበታቸው ላይ ብቻቸውን ተውናቸው።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ሁሉም በአንድ እሑድ እንዲያከብር ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2025 ጉባኤው ከተደረገ 1700 ዓመት ሞላው። በ1582 የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ የቀን አቆጣጠሩን ሲያሻሽል የምዕራቡ ፋሲካ ከምሥራቁ ተለየ። በአገራችን አባቶች በባሕረ ሐሳብ ይቀምሩታል፤ ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላም አይውልም። አንዳንድ ዓመት በአምስት ሳምንት እንለያያለን፤ አንዳንድ ዓመት እንገናኛለን። ጳውሎስም በሮሜ 14፥5-6 አንዱ ቀንን ከቀን እንደሚለይ፣ ሌላው ሁሉን ቀን እኩል እንደሚያይ ገልጾ፣ እያንዳንዱ የሚያደርገውን ለጌታ ብሎ ያድርገው ይለናል።

እንቁላሉ፣ ጥንቸሉና ቄጤማው

የፋሲካ የመጀመሪያ ምልክቶች ከመጽሐፍ ቅዱስ የተገኙ ናቸው። በጉ፣ ደሙ፣ ያልቦካው ቂጣ፣ መራራው ቅጠል። ጳውሎስ ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዷል ሲል (1ኛ ቆሮ. 5፥7) ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ ያሳርፋቸዋል። ሌላም ብዙ የማናነሣው ምልክት አለ፤ እርሱም ነዶው ነው። በዘሌዋውያን 23 እስራኤል በዚያው የበዓል ሰሞን፣ በሰንበት ማግስት፣ የመከሩን በኩራት ነዶ በእግዚአብሔር ፊት ያቀርቡ ነበር። ክርስቶስ ከሰንበት በኋላ በመጀመሪያው ቀን ተነሣ፤ ሐዋርያውም ላንቀላፉት በኩራት ይለዋል (1ኛ ቆሮ. 15፥20)። አንድ ነዶ ከደረሰ ማሳው በሙሉ ይደርሳል። እርሱ ከተነሣ እኛም እንነሣለን።

እንቁላልና ጥንቸል ከእነዚህ እኩል አይደሉም። ግን የባቢሎንም አይደሉም። በመካከለኛው ዘመን የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም በጾም ወራት እንቁላል ትከለክል ነበር። በዚያ ጊዜ የተጠራቀመው እንቁላል በፋሲካ ይበላል፣ በቀለምም ያጌጣል። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1290 ለፋሲካ 450 እንቁላል አስገዝቶ እንዳስጌጠ የቤተ መንግሥቱ የሒሳብ መዝገብ ያሳያል። ግሪኮች ደግሞ በቀይ ቀለም ነክረው የክርስቶስን ደም ያስቡበታል። እንቁላል የሚያመጣው ጥንቸል የጀርመኖች የልጆች ወግ ነው። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1682 ጽፎታል፤ ወደ አሜሪካ ያመጡትም ፔንሲልቬንያ የሰፈሩ ጀርመናውያን ናቸው። ጥንቸሉ ዛሬም ቤታችን አልገባም። ምክንያታችን ግን ጣዖትነቱ አይደለም፤ ስለ ክርስቶስ ለልጆቻችን የሚነግራቸው ነገር ስለሌለው ነው።

በአገራችን ደግሞ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይበላል፤ ከግብፅ የወጡትን ሰዎች ያስታውሳል። በቅዳሜው ካህናት ቄጤማ ያድላሉ፤ ሕዝቡም በራሱ ላይ ያስራል። ለኖኅ የውኃውን መጉደል ያበሠረችውን ርግብና ለምለሙን ቅጠሏን ያስባሉ። ልጅ ሳለን ያንን ቄጤማ አስረን ሮጠናል፤ ትርጉሙን ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ይቅርታ

እናታችን ሊመለሱ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው አንድ ከሰዓት ቡና አፍልተው ሳለ አጠገባቸው ተቀመጥን። «እማዬ፣ በፋሲካ ሌሊት በድለንሻል። የነገርንሽም ነገር እውነት አልነበረም። ይቅር በይን» አልናቸው።

ሲኒውን አስቀመጡ። «ኢሽታር የምትሏትን እኔ እዚህ ቤት ከመምጣቴ በፊት ስሟንም ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «ያዘንኩት ዶሮውን ስላልበላችሁ አይደለም። ክርስቶስ ተነሣ ብዬ ያቀረብኩትን ገበታ የጣዖት ስላላችሁት ነው። በሉ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።»

ጥቂት ቆይተን ስለ እንቁላሉ ጠየቅናቸው። ለምን ዶሮ ወጥ ውስጥ ይገባል? ከት ብለው ሳቁብን። «ዶሮ መቼ ትጾማለች? እኛ ሁዳዴ ስንይዝ እርሷ መጣሏን አትተው። ያ ሁሉ እንቁላል ሲከማች ከርሞ በፋሲካ ካልተበላ መቼ ሊበላ ነው?» አሉ። እኛ ብዙ መጽሐፍ አገላብጠን ያገኘነውን ታሪክ እናታችን ከጓዳቸው ያውቁት ነበር። አልጠየቅናቸውም እንጂ።

በቀጣዩ ዓርብ በኅብረታችን ፊት ቆመን ስሕተታችንን ተናገርን። ቀላል አልነበረም። አንድ ወንድም አልተደሰተም፤ «ታዲያ ወደ ልማድ እንመለስ ነው የምትሉት?» አለን። አይደለም። ድነናል ብለን የምንመካው በጾማችንም፣ በቀናችንም፣ በገበታችንም አይደለም፤ በክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከእናታችን ጋር የምንለያይባቸው ነገሮች ዛሬም አሉ፤ በፍቅር እንነጋገርባቸዋለን። ነገር ግን በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥16) ለእውነት እንቀናለን በምንልበት ጊዜም ይሠራል። ወንጌልን በተሳሳተ ታሪክ መከላከል አያስፈልገንም። ባዶው መቃብር ይበቃናል። ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችንም እምነታችንም ከንቱ ነው፤ ጳውሎስ ይህን በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥14 በግልጽ ተናግሯል። ከተነሣ ደግሞ የእንግሊዞች የወር ስም ይህን እውነት አይለውጠውም።

ከሁሉ የከበደን ለልጃችን መንገር ነበር። «አያትሽ ጣዖት አታመልክም። ተሳስተን የነበርነው እኛ ነን» አልናት። «ለእርሷ ነገራችኋታል?» አለች። አዎ አልናት። «እሺ» ብላ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

የ2017 ፋሲካ

በ2017 የምሥራቁም የምዕራቡም ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ፤ ሚያዝያ 12። እናታችን አዲስ አበባ ነበሩ። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ በስልክ እየመሩን ዶሮ ወጥ ሠራን። «ሽንኩርቱ ገና ነው፣ አትቸኩሉ» ይሉናል፤ በስልኩ መስተዋት ድስቱን እያዩ። ልጃችን ብልቶቹን አሥራ ሁለት መሆናቸውን ቆጠረች።

በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ቄጤማቸውን በራሳቸው እንዳሰሩ ደወሉ። ገበታው በሁለቱም ቤት ቀርቧል። «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ» አሉን፤ እኛም «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልን። ልጃችን ጸለየች፤ እናታችን አሜን አሉ። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ላይ ቆረስን።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ምናልባት እናንተም በዚህ ወይም በሌላ ነገር ምክንያት ገበታውን የገፋችሁበት ወላጅ ወይም ዘመድ ይኖር ይሆናል። የሰማችሁትን መርምሩ፤ የተሳሳታችሁትን አርሙ፤ የበደላችሁትን ሰው ስልክ ደውሉለት። ጌታ ከሙታን ተነሥቶ የካዱትንና የሸሹትን ደቀ መዛሙርት ሲገናኝ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ «ኑ፣ ብሉ» ብሎ ነው የጠራቸው (ዮሐንስ 21)።

ጸሎት፦ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ፋሲካችን አንተ ነህ። ስለ እውነትህ ስንቀና እውነትን እንዳንስት ጠብቀን። በቅንዓታችን ያቆሰልናቸውን ሰዎች ፈልገን ይቅርታ የምንጠይቅበትን ትሕትና ስጠን። አንተ ሕያው ነህና ተስፋችን ሕያው ነው። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።